ቀኔን ስጠብቅ

38ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ልጁ ሰሞኑን ወደ ታች ስለወረደ ትንፋሼ ቀለል ብሎኛል፤ የሚያቃጥለኝ ቃርም ቀንሷል። ሽንት ቤት መመላለሱ ግን ብሷል፤ ስራመድ ዳሌዬን ይከብደኛል። ሌሊቱን በግራ ጎኔ ሆኜ፣ በጉልበቶቼ መሃል ትራስ አድርጌ አነጋዋለሁ። ደግነቱ ሥራ አቁሜያለሁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደውን የ30 ቀን የቅድመ ወሊድ ዕረፍት ወስጃለሁ።

ማታ ማታ ሆዴ ድንጋይ ይሆንና መልሶ ይላላል። ተነስቼ ወዲያ ወዲህ ስል ወይም ውሃ ስጠጣ ከተወኝ ገና ነው። እየተቀራረበና እየበረታ ከመጣ፣ ብራመድም ብተኛም ካልተወኝ ምጥ ነው። የተሰጠኝ ቀን ግምት ነው፤ ልክ በተባለበት ቀን የሚወለደው ጥቂቱ ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። የገንፎውን ገብስ እዚያው አስፈትጋ ነው ያመጣችው። ትናንት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ለቀሙት፣ አመሱት፣ ወፍጮ ቤት ላኩት። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር ቤቱ ሁሉ አራስ ቤት አራስ ቤት ሸተተኝ። ሴቶቹ ሲወጡ በየተራ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አሉኝ፤ አሜን ስል እንባዬ መጣ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ከመካከላቸው የማከብራቸው እናት "መጨረሻ ላይ ልጅ ዝም ይላል፤ ቦታ ስለሚጠበው ነው፣ አትደንግጪ" አሉኝ። ክትትል ስሄድ አዋላጇ የነገረችኝ ሌላ ነው። የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ከመራገጥ ይልቅ መግፋትና መገላበጥ ይበዛል። መቀነስ ግን የለበትም። ከቀነሰ በዚያው ሰዓት ሄዶ መታየት ነው። ለእሳቸውም በእርጋታ ነገርኳቸው፣ "እትዬ፣ ይሄኛውን እኔ አልጠብቅም" ብዬ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለው ማጽናኛ ስንቷን ሴት ቤቷ ያስቀምጣታል! የራስ ምታቱም እንደዚሁ ነው። ማታ ማታ እግር ማበጥ ብዙ ሴት የሚያጋጥማት ነው፤ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፊት እብጠት ሲመጣ ግን የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል "የእርግዝና ነው" ተብሎ አይታለፍም። ደም ከፈሰሰ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰም፣ ምጥ ባይኖርም መሄድ ነው።

የክትትል ካርዴ በቦርሳው የፊት ኪስ ነው። ባለቤቴ ሌሊት የሚሠራ የሰፈራችንን ባለታክሲ ስልክ በሩ ላይ ለጥፎታል። ለእናቴም "ልጁ ዝም ካለብኝ 'ቆይ እስኪነጋ' እንዳትይኝ" አልኳት።

"ነጠላዬን ደርቤ ከበር ላይ ታገኚኛለሽ" አለችኝ።