አዲስ በጎ ፈቃደኛ የሚጠፋው በሁለተኛው ሳምንት ነው

ሀዋሳ ላይ በሰኔ መጨረሻ የወጣት ማኅበራት መዝገብ ይሞላል። ትምህርት ተዘግቷል፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ሊጀመር ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ግን ከተመዘገቡት የሚታዩት ጥቂቶች ናቸው። «የዘንድሮ ልጅ አይጸናም» ይባላል፤ እኔ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአቀባበሉ ነው ባይ ነኝ።

ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው ሥራ ከአንድ ሳምንት በላይ አይለፍ። «እንደውላለን» ተብሎ የተሸኘ ሰው ሦስት ሳምንት ተቀምጦ አይጠብቅም። ሥራው ካልተዘጋጀ ምዝገባውን ማዘግየት ይሻላል። በሦስተኛው ቀን ደውሉ። ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ዳታ በቀን ጥቅል የሚገዛ ልጅ መልእክቱን የሚያየው ሥራው ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል። ደዋዩ ነባር በጎ ፈቃደኛ ይሁን፤ ለአንድ ነባር ሦስት አዲስ ይበቃዋል። ስድስት ካሸከማችሁት፣ እሱም ተማሪ ነውና፣ መደወሉን ይተወዋል።

የገንዘቡን ነገር ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ተናገሩ። «አበል አለው?» ተብሎ ጮክ ብሎ አይጠየቅም፤ በየጥጉ ግን ይንሾካሾካሉ። ከሌለ የለም በሉ። ትራንስፖርት የምትሸፍኑ ከሆነ ስንት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደሚከፈል ንገሯቸውና በዚያው ቀን አስፈርማችሁ ስጡ። ለሁሉም እኩል መስጠት ፍትሐዊ ይመስላል። ራቅ ካለው ከቱላ የሚመጣው ግን ከፒያሳ አካባቢ በእግሩ ከሚመጣው ጋር እኩል ከተቀበለ ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚያገለግለው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይችለዋል፣ ከዚያ ይቀራል። ሰርተፍኬቱንም ለምሳሌ «40 ሰዓት ላገለገለ» ብላችሁ ከመነሻው ወስኑ፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት አስፈርሙ። ያለዚያ መስከረም ላይ አንድ ቀን የመጣውም ክረምቱን ሙሉ የለፋውም እኩል ይጠይቃል።

ትውውቁ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፤ እሑድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። አርባ ሰው ክብ ሠርቶ በየተራ ስሙን ሲናገር ሰዓት ይሄዳል፣ ዓይን አፋሩም ይጨነቃል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ሰፈር፣ የሚችሉትን ሙያና የሚመቻቸውን ቀን እንዲጠያየቁ አድርጉ፤ ነባሩ ይጻፈው። ቋንቋም ጠይቁ። ማብራሪያው በአማርኛ ብቻ ሲሆን በሲዳምኛ የሚቀናው ልጅ ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል። ቆሎና ሻይ ይበቃል፤ ቆሎ ጾመኛውንም አያስቀርም።

የመጀመሪያው ሥራ በሁለት ሰዓት አልቆ ውጤቱ የሚታይ ይሁን። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ፕላስቲክ መልቀም ጥሩ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጓንት፣ ለሁለት ሰው አንድ ጆንያ። ውኃው ውስጥ ማንም አይግባ፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። ጉማሬም ሲመሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ጆንያውን ማን በምን እንደሚያነሳው ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ እዚያው ያድራል፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው አጠገብ ከሆነማ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጎትተው ይበትኑታል። አዲሱ ልጅ በማግስቱ በዚያ ሲያልፍ የለቀመውን ተበትኖ ያየዋል።

ሕፃናትን ማስጠናት የመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። መታወቂያ ታይቶ፣ የሚያውቀው ሰው ምስክር ሆኖለት፣ ከነባር ጋር ሁለት ሆኖ በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ነው። አስጠኚው ራሱ 18 ዓመት ካልሞላው የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ለወላጅም የአስተባባሪው ስልክ ይሰጥ። እናት ደውላ የምትጠይቀው ሰው ካላት ልጇን መላክ አይከብዳትም።

ቲሸርት ከአራተኛው ሥራ በኋላ ስጡ። በመጀመሪያው ቀን ከታደለ ለፎቶ ብቻ የመጣውም ይዞት ይሄዳል።

በሁለተኛው ሳምንት የቀረ ካለ በዚያው ማታ ደውሉ። «ለምን ቀረህ?» ከማለት «ደህና ነህ ወይ?» ይሻላል፤ ምክንያቱን ራሱ ያወጣዋል። የቤተሰብ ሱቅ ጠባቂ ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣበትን ተራ ስጡት። ሁለቴ ተደውሎ ካላነሳ ተዉት፣ ስሙን ግን ከመዝገቡ አትሰርዙ፤ የሚቀጥለው ሰኔ ላይ መጀመሪያ የሚደወልለት እሱ ነው።