ካፌው በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል ሥራ የጀመርኩት፣ የአንድ ተማሪ የቀን ቀለብ 15 ብር በነበረበት ዘመን ነው። ግቢው ካፌ፣ ማለትም የተማሪዎች መመገቢያ፣ የማይበላው «ነን ካፌ» ተብሎ በወር 450 ብር በእጁ ይቀበል ነበር። ያቺን 450 ብር ሳይነካ ወደ ቤቱ እየላከ፣ እሱ በጓደኛው ሚል ካርድ ተደብቆ የሚበላ ልጅ እንዳለ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ አሁንም ባጭሩ መመለስ ይቸግረኛል። ዶርም መደልደል፣ ፍራሽ መቁጠር፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር መሰደብ፣ ሌሊት የታመመ ክሊኒክ ማድረስ። አባቱ የሞተበትን ልጅ ደግሞ መርዶውን ሳይሰማ «ቤት ለጉዳይ ፈልገውሃል» ብሎ መኪና ላይ ማሳፈር። ይሄኛውን የሥራ መዘርዝሬ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

በሁለተኛ ዓመቴ መምህራኑን እየዞርኩ ለምኜ ገንዘብ አሰባሰብኩ። ደሴ ሄጄ ከጅምላ ሱቅ ደብተር፣ ሳሙናና ሞዴስ ገዛሁ። ለማን ይሰጥ የሚለውም አላስቸገረኝም፤ ልጆቹ ሲመዘገቡ ከየቀበሌያቸው ያመጡት፣ የቤተሰባቸውን አቅም ማጣት የሚመሰክር ባለማኅተም ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ አለ። 31 ስም ወጣ። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት። ከላይ በደማቁ «የኢኮኖሚ ችግር ያለባችሁ ተማሪዎች» ብዬ፣ ግርጌው ላይ ቲተሬን መትቼ፣ ካፌው በር ላይ ለጠፍኩት። ያውም በምሳ ሰዓት! ግልጽነት መስሎኝ ነው፤ ነገ ኦዲተር ቢመጣ አፌን ሞልቼ እንድመልስለት።

ሦስት ልጆች መጡ። ሦስቱም ወንዶች፣ ሦስቱም ፍሬሽ። ማታ ሄጄ ሳይ ወረቀቱ የለም፤ የፕላስተሩ ቁራጭ ብቻ በሩ ላይ ቀርቷል። በማግስቱ ሌላ ፕሪንት አድርጌ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ባለማወቅ ነው ቢባል እንኳ ሁለተኛው እልህ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ክሊራንስ ይዛ ቢሮዬ ገባች። ላይብረሪው ፈርሟል፣ ካፌው ፈርሟል፣ የቀረው የዶርም ፊርማ ነው። የዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጥ፣ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የግል ጉዳይ» ይላል። የደላንታ ልጅ ናት። ስሟን የት እንደማውቀው ለማስታወስ አልተቸገርኩም፤ ተራ ቁጥር 12።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ቤተሰብ ጋ ችግር አለ?»

«የለም ጋሼ። ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ጣቶቿ ላይ የደበዘዘ እንሶስላ አለ። ፊቷን ማየት ስላቃተኝ እሱን ነበር የማየው።

ጊዜ ለመግዛት ያህል «ፍራሽና ቁልፍ ሳይታይ አልፈርምም» ብዬ ወደ ብሎኳ ይዣት ሄድኩ። የብሎኩ ፕሮክተር፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪዋ፣ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። ልጅቷን ወደ ላይ ሰደዱና እኔን ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ሌላ ጊዜ «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ። «የዶርሟ ልጆች ወረቀትህን አንብበው፣ ሃያ ሃያ ብር አዋጥተው ትራሷ ሥር አስቀመጡላት። ደጎች ናቸው፣ ምን ይደረግ። እሷ ግን ሌሊቱን ሻወር ቤት ቆማ ነው ያነጋችው።»

እኔ ዝም። እሳቸው ቀጠሉ።

«በ77 ኮረም ላይ ስሜ እስኪጠራ ተሰልፌያለሁ፤ ያኔ ሕፃን ነኝ። ስንዴው አትርፎኛል፣ አልክድም። ያ ስም አጠራር ግን እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አንተ ደግሞ ሰልፉን ካፌ በር ድረስ አመጣህላቸው።»

ስለ 77 ድርቅ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ወሎ ተወልዶ ያልሰማ የለም። ስለ ስም መጠራቱ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለካስ እሳቸው ያለ ቀበሌ ደብዳቤ ከመስከረም ጀምሮ ሁሉንም ያውቃሉ። በዚያ ብርድ ጋቢ ብቻ ይዛ የመጣችውን። ልብሷን አጥባ እስኪደርቅ ድረስ በር ዘግታ የምትውለውን፣ ቅያሪ የላትማ። እንደዚህ ያለችውን ይጠሩና «የኔ ጽሑፍ አይነበብም፣ እስቲ ይቺን መዝገብ ገልብጪልኝ» ይሏታል። ስትጨርስ ሳሙና ወይም ሞዴስ በፌስታል ጠቅልለው «የድካምሽ ናት» ብለው ያስይዟታል። የሚገዙት ከደመወዛቸው ነው። የፕሮክተር ደመወዝ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፈረምኩላት። ይቅርታ ያልኩት አቀርቅሬ ነው፤ ይቅርታ ከተባለ። በዊዝድሮዋል የወጣ ሰው በሪአድሚሽን ይመለሳል፣ የማመልከቻው ቀን እንዳያልፍሽ አልኳት። «እሽ» ብላ ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።

ካፌው በር ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። የተረፈውን ዕቃ ለየብሎኩ ፕሮክተሮች አከፋፈልኩ፤ ያለ ስም ዝርዝር። ፋይናንስ በዚህ ጮኸብኝ፣ የእያንዳንዱ ተረካቢ ፊርማ የት አለ አለኝ። ከሳምንት ጭቅጭቅ በኋላ ፕሮክተሯ ለብሎኩ የወጣውን በብዛት ቆጥራ ትፈርም፣ የልጆቹ ስም ከብሎኩ አይውጣ በሚል ተስማማን። የቀበሌ ደብዳቤዎቹን ከፋይሎቹ ለይቼ የሚቆለፍ ካቢኔት ውስጥ አስገባኋቸው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

በዓመቱ ተመለሰች። ቢሮዬ የመጣችው ለዶርም ድልድል ነው፤ ሰላም አላለችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ጥር ላይ ለቆጠራ ያ ብሎክ ገባሁና መዝገቡን ከፈትኩ። ከጥቅምት ወዲህ ያለው በሙሉ ክብ ክብ ባለ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጧል።

«እትዬ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

መዝገቡን ከእጄ ወስደው ዘጉት።

«የኔ ነው፤ ምነው?»