የኢም ሳንቲም

ዛሬ እረፍት ነበርኩ፤ ከሼፊልድ አውቶቡስ ይዤ ወደ አንዲት የእንግሊዝ መንደር ወጣሁ። ሹፌሩን «ኢያም ስንደርስ ንገረኝ» ስለው ሳቀ። «ኢም» ነው አሉ የሚባለው። አጻጻፉ ሌላ፣ አጠራሩ ሌላ። እንግሊዝኛ ነዋ!

መንደሯ አበባ የከበባቸው የድንጋይ ቤቶች ናት። ታምራለች። አበባው መሀል ግን ሰሌዳ አለ፦ እዚህ ቤት እነእገሌ ሞቱ ይላል፣ ስም በስም። በ1665 በእነሱ አቆጣጠር ነው የቸነፈር ወረርሽኝ የገባው። ከለንደን ለልብስ ሰፊ በመጣ ጨርቅ ነው ይባላል። በዓመቱ ቄሱ ዊልያም ሞምፔሰን ሕዝቡን አሳምነው መንደሩ ተዘጋ። የሚወጣም የሚገባም የለም። ኤልዛቤት ሃንኮክ የምትባል እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች። በገዛ እጇ!

ከመንደሩ ወጣ ብሎ የወሰን ድንጋይ አለ። ላዩ ላይ ስድስት ቀዳዳ። የውጭ ሰዎች ምግብ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ የኢም ሰዎች ሒሳቡን ኮምጣጤ በሞላው ቀዳዳ ይከታሉ፣ በሽታው በሳንቲሙ እንዳይሻገር። ጣቴን ሰደድኩ። ጠርዙ ልስልስ ብሏል፣ እንደ አሮጌ ሙቀጫ አፍ።

ሞት ደጃቸው ቆሞ የዳቦ ዕዳ ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። እኔ ብሆን መክፈሉ ትዝ የሚለኝ አይመስለኝም።

ቀዳዳው ውስጥ ጎብኚ የተወው ፔኒ ነበር። ውሻቸውን የያዙ አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ «እንዳትወስደው!» ብለው ሳቁብኝ።

ኪሴን ዳብሼ አንድ ጨመርኩበት።