ፍላጎቱማ አለ፣ ምግቡ ነው የጠፋው

ስለ ድህነትና አእምሮ ጤና የሠራነውን ጥናት ልናስረክብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩን ቢሮው ውስጥ ክርክር ተነሳ። አለቃችን የሽፋኑን ርእስ ጨርሰውታል፦ «ድህነት ለድብርት ይዳርጋል»። አጭር ነው፤ ለጋሾችም ይወዱታል።

ያልተዋጠላት ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቁን ያስሞላችው ልጅ ናት። የተጠቀምነው ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት ምልክት መለኪያ መጠይቅ ነው። 9 ጥያቄዎች ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃሉ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። ብዙ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ድብርት ሳይኖርበት አይቀርም ይባላል። ይባላል እንጂ ምርመራ አይደለም።

አንዱ ጥያቄ ስለ ምግብ ፍላጎት ነው። «አንዲት እናት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?» አለች ልጅቷ። «‹ፍላጎቱማ አለ፣ ምግቡ ነው የጠፋው!›»

ሳቅን። ግን ይህ መልስ ስንት ነጥብ ነው? ጥያቄው ስለ ፍላጎት ስለሆነ ዜሮ ነው። ሌላ መረጃ ሰብሳቢ «እየበሉ አይደለም» ብሎ 3 ቢሞላስ ማን ያውቃል? እንቅልፍም እንደዚያው ነው። ጥበቃ የሚያድር ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ሥራው ስለሆነ ነው። ድህነቱ ብቻውን ነጥቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚያ ወደ ርእሱ ዞረች። «ደግሞስ፣ ድህነቱ አስጨንቋቸው ይሁን ሕመሙ ከሥራ አስወጥቶ አደህይቷቸው በምን አወቅን? የጠየቅናቸው አንዴ ነው እኮ።»

እውነቷን ነው። ሁለቱም ይሆናል፤ አንድ ዙር መጠይቅ ግን አይለያቸውም። የአሜሪካው የሰሜን ካሮላይና ጥናት ብዙ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ልጆችን በየጊዜው ሲከታተሉ፣ በመሃሉ የቼሮኪ የተባለው የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ጎሳ ካዚኖ (ቁማር ቤት) ተከፈተ። ከትርፉ ለጎሳው አባላት ይከፈል ጀመር፣ የታመመም ያልታመመም ሳይባል፤ ስለዚህ ገቢውን የቀየረው ሕመሙ አይደለም። ከድህነት በወጡ ቤተሰቦች ዘንድ የልጆቹ የጠባይ ችግር ቀነሰ፤ ድሃ ሆነው ከማያውቁት ልጆች ጋር ተስተካከለ። ጭንቀትና ድብርት ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ጥናቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ይቺን ሁለተኛዋን ግማሽ መዝለል ይወዳሉ፤ እኔን የምትስበኝ ግን እሷ ናት።

አለቃችን አጉረመረሙ፣ ግን ርእሱን ቀየሩት፦ «የድብርት ምልክቶች በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ በብዛት ታዩ»። ወደ እነዚያው ቤቶች ተመልሰን የምንጠይቅበት በጀትም ለለጋሾቹ በምናቀርበው ሐሳብ ላይ ተጨመረ። ለጋሾቹ ይፈቅዱት እንደሆን ገና አልነገሩንም።