የኮሪያ ካሪ ዱቄት ዘይት ላይ አይገባም

የምሰራው አናንዴል ቨርጂኒያ ያለ አንድ የኮሪያ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ነው። አካባቢው ኮሪያውያን የሞሉበት ነው፣ እኛ ሀበሾችም ብዙ አለን። በቅርቡ አንድ የሀገሬ ልጅ ተቀጠረ፣ ህንድ ሬስቶራንት ለዓመታት የሰራ፣ እጁ ፈጣን፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ለአንድ ቢሮ ምሳ በትልቅ ድስት ካሪ ይሰራ ተባለና ለሱ ተሰጠው፣ ካሪ ያው ካሪ ነው ተብሎ አሰራሩን ማንም አላሳየውም።

ልጁ የሚያውቀውን አደረገ። በህንዱ አሰራር ከሙኑ፣ ድንብላሉ፣ እርዱ ትኩስ ዘይት ላይ ነው የሚገባው፣ ቅመሙ መዓዛውን የሚያወጣው እዛ ነው። እሱም የኮሪያውን ቢጫ ዱቄት ከነፓኬቱ ይዞ ዘይቱ ላይ ገለበጠው። እኔ ሩዝ እያጠብኩ ነበር፣ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የቅመም ሳይሆን ያረረ ዱቄት ሽታ። ዞር ስል ድስቱ ከስር ይዟል፣ ውሃ ሲጨምርበት ደግሞ በደንብ እንዳልተማሰለ ሽሮ ጓጎለ፣ ጉብታውን በማማሰያ ሲጫነው ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው።

አለቃችን ትልቅ ሴት ናቸው፣ ኢሞ ነው የምንላቸው፣ በኮሪያኛ አክስት ማለት ነው፣ አልተቆጡም። ድስቱን አስደፉና ድንችና ካሮቱን ቶሎ እንዲበስል ደቀቅ አድርገን እንድንከትፍ ነገሩን። ከሽንኩርትና ከዶሮ ጋር ጠበስ አድርገን በውሃ ቀቀልን፣ ዱቄቱን ለብቻ ሳህን ላይ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡት፣ ከዛ እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ ቀስ ብለው አፈሰሱት፣ በትንሽ ደቂቃ ወፈረ።

ልጁ ቀምሶ «ወንድሜ፣ ይሄ ካሪ ነው እንዴ? ቅመሙ የታለ?» አለኝ። ነገሩ የዘር ሐረግ ነው አልኩት። ካሪ ጃፓን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዞች በኩል ነው፣ በስንዴ ዱቄት የሚወፍረውም ከዛ ነው፣ ኮሪያ ደግሞ ከጃፓን ተቀበለችው፣ ኦቶጊ የሚባለው የኮሪያ ድርጅት በፈረንጆቹ 1969 ስራ ሲጀምር የመጀመሪያ ምርቱ የካሪ ዱቄት ነበር። የጃፓኑ ቡናማና ጣፈጥ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዱቄት፣ ከስብና ከቅመም በተጋገረ ጠጣር ብሎክ ነው የሚሰራው፣ የኮሪያው እርዱ በዝቶ ቢጫ ነው፣ ቀለል ይላል። የታይላንዱ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ቃሪያና ጠጅ ሳር ተወቅጦ ብዙ ጊዜ በኮኮናት ወተት ይሰራል፣ የስንዴ ዱቄት የለውም። የኮሪያውን ቅመም የለውም ብለው የሚንቁት ሰዎች በኪምቺ፣ በበርበሬ በተብላላው የኮሪያ ጎመን፣ አልበሉትም ባይ ነኝ፣ የኪምቺው ኮምጣጣነትና ማቃጠል ነው የሚሞላው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከዛ በኋላ ያየሁት ነው። ፓኬቱን ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ ያረረው ብዬ ሳነብ ስንዴ ይላል፣ የኦርደሩ ወረቀት ላይ ደግሞ ግሉተን፣ ማለትም ስንዴ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ የማይበላ አንድ ሰው አለ ተብሎ ተጽፏል! የህንድና የታይ ካሪ የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ስንዴ ነው የሚበላው፣ ይሄንንም ሳይጠራጠር ይበላው ነበር። ለኢሞ ነገርኳቸው፣ ቢሮው ጋ ራሳቸው ደውለው አስረዱ፣ ለዛ ሰው አዲስ መጥበሻ አውጥተን ዶሮውን በጨው ብቻ ጠብሰን ከነጭ ሩዝ ጋር ለብቻው አሸግን፣ ሶያ ሶስም አላስነኩንም፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ስላለበት።