ሸክላው ይምራ

ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም በማይርቅ አንድ ምሽት ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ማጫወት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የቤቱ እንግዳ በዕድሜ የተደበላለቀ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ራት በልተው የሚቆዩ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ በልጆቻቸው ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ይመጣሉ፣ እናም በዚያ መሸጋገሪያ ሰዓት የሸክላ ዘመን ዘፈኖችን ከዛሬዎቹ ጋር ሳላቋርጥ ማያያዝ የእኔ ሥራ ነው። እንዴት እንደማያይዛቸው የሚጠይቁኝ ጀማሪ ዲጄዎች ስለበዙ የደረስኩበትን ልጽፍ ወደድኩ። እምነቴ አንድ ነው፦ አሮጌና አዲስ ዘፈን አብረው በሚሄዱባቸው ደቂቃዎች ፍጥነቱን መምራት ያለበት አሮጌው ነው።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆዩ ዘፈኖቼን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ፣ ምታቸውን አንድ በአንድ እየለካሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ብቻ እንዲሄዱ አድርጌአቸው ነበር። አንድ ምሽት ከእነዚያ አንዱን ሳጫውት፣ ባንዱ ወደ መጨረሻው ሞቅ በሚያደርግበትና ሰው ትከሻውን ለእስክስታ በሚያነሳበት ቦታ ላይ መድረኩ ሳይሞቅ ቀረ። በወጣትነታቸው ድራም ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ድራመሩን ምን አደረግኸው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፍጥነቱን አስተካክዬው ነው» ብዬ መለስኩ። «ጠማማ ነው ብሎ ማን ነገረህ?» አሉና በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛዬን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ፤ መጀመሪያ እኩል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየገፉ፣ ዘፋኙ አዝማቹን ሊደግም በሚመለስበት ላይ ደግሞ ግልጽ ሆኖ እስኪሰማ ድረስ እያፈጠኑ። በቀጣዩ ቀን ያልተነካውን ቅጂ ከፍቼ ስለካው በደቂቃ 97 ምት ላይ ተነስቶ 101 ላይ ያልቃል። እኔ ያጠፋሁት ያንን የአራት ምት ጉዞ ነበር።

ጉዞው ከየት እንደመጣ ማሰብ ተገቢ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን ሲያሳትም፣ ሌላው የሸክላ አሳታሚ ካይፋም በዚያው ዘመን ሲሠራ፣ ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ አብሮ ይጫወት ነበር እንጂ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው በጆሮው የምት መቁጠሪያ እየሰማ አይቀዳም ነበር። ተጫዋቾቹ ደግሞ በየምሽቱ ሰው እያስጨፈሩ የሠለጠኑ ናቸው፤ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረውና በኋላ ሮሃ የተባለው አይቤክስ ባንድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የጨፋሪውን ትከሻ እያየ የሚጫወት ድራመር ትከሻው ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል፤ ስቱዲዮም ሲገባ ልማዱን ይዞት ይገባል። የዛሬው ዘፈን ግን በአብዛኛው በአንድ አቀናባሪ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ 100 ተብሎ ከተጀመረ በ100 ያልቃል፣ ይህም ነውር የለውም፤ የተሠራው እንደዚያ ሆኖ እንዲሰማ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ለሌላው መታዘዝ ካለበት፣ ሲታዘዝ ምንም የማይጎድልበት አዲሱ ነው።

በተግባር እንዲህ አደርጋለሁ። አሮጌው ዘፈን ሲጫወት የሁለቱን ዘፈኖች ፍጥነት በራሱ የሚያገጣጥመውን ሲንክ የሚባለውን አጠፋለሁ፣ አዲሱን በሄድፎን ብቻ እየሰማሁ ጣቴን ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይ አላነሳም። ልዩነቱ አንድ ምት ብቻ ቢሆን፣ በ100 ምት አካባቢ ሁለቱ ዘፈኖች በየሰከንዱ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይራራቃሉ፤ ሦስት ሰከንድ ሳይስተካከል ከቆየ ሁለቱ ድራሞች እንደ ፈረስ ኮቴ ተከታትለው መሰማት ይጀምራሉ። ስለዚህ በየሦስት ሰከንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሜ፣ አዲሱን በስሱ እገፋዋለሁ ወይም እይዘዋለሁ። አዲሱን የማስገባው ሳክስፎኑ ብቻውን በሚጫወትበት ወይም አዝማቹ በሚደጋገምበት ቦታ ሲሆን፣ መጀመሪያ የማሰማውም ድራሙን ብቻ ነው፤ ሁለት ዘፋኞች እኩል አፍ ከከፈቱ ሁለቱም አይሰሙም።

ችክችካ የሚባለው የእስክስታ ምት ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ችክችካ ስድስት በስምንት ስለሆነ ዋናው ምት ለሦስት ይከፈላል፤ የዛሬው የኤሌክትሮኒክ ዘፈን ደግሞ አራት በአራት ሆኖ ምቱ ለሁለትና ለአራት ይከፈላል። ዋና ምታቸውን ካገጣጠምኩ ትልቁ ድራም ይስማማል፣ ቀጫጭኑ ጸናጽል ግን ይጣላል፤ ስለዚህ ሸክላው እስኪወጣ ድረስ የአዲሱን ቀጭን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ። ሌላም መንገድ አለ። ዋና ምቱ በደቂቃ 80 የሆነ ችክችካ በውስጡ 240 ትንንሽ ምቶች አሉት፤ እነዚያን ሁለት ሁለት አድርጎ የቆጠረ ሰው 120 ያገኛል፣ 120 ደግሞ ለጭፈራ የተሠሩ የዛሬ ዘፈኖች በብዛት የሚገኙበት ፍጥነት ነው። እንዲህ ሲያያዙ የችክችካው አራት ሜዠር (አንድ ሜዠር ማለት አንድ የምት ዙር ነው) ከአዲሱ ሦስት ሜዠር ጋር እኩል ይሆናል፣ የመጀመሪያ ምቶቻቸውም የሚገናኙት በዚያ ርቀት ብቻ ነው። መቁጠር የሰለቸው ዲጄ እዚህ ይወድቃል፤ የቆጠረ ግን እናትም ልጅም በየራሳቸው ምት አንድ ላይ ሲጨፍሩ ያያል።

የድምፁ መጠን ነገር አጭር ነው። የቆየው ቀረጻ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቤዙም ስስ በመሆኑ ከአዲስ ወደ አሮጌ ስንመለስ ቤቱ ባዶ የሆነ ይመስላል። ጌይኑን፣ ማለትም የየዘፈኑን የድምፅ መጠን፣ በማሽኑ መለኪያ መብራት ሳይሆን በጆሮዬ አስተካክላለሁ፣ የአዲሱንም ቤዝ ቀድሜ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ጆሮን አለማምዳለሁ። ሸክላው ላይ ያልነበረ ቤዝ ከሥር መደረብ ግን አልወድም።

ካሴት ለብቻው ቃል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላን ከተካ በኋላ የወጡ ብዙ ዘፈኖች ዛሬ ያሉን ከካሴት በተቀዱ ቅጂዎች ነው፤ የማጫወቻው ሞተር ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ስድስት በመቶ ያህል የፍጥነት ለውጥ ድምፁን በግማሽ ቶን ያዛውረዋል፣ ሁለትና ሦስት በመቶ ደግሞ ኦርጋኑ ላይ በሌለ ቦታ፣ በሁለት ቁልፎች መካከል ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለውን ዘፈን ፍጥነቱ ሲለወጥ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ባለበት በሚያስረው የኮምፒውተር ዘዴ አልነካውም፤ ሳክስፎኑን ውኃ ውስጥ እንዳለ ያደርገዋል። ፍጥነቱን ራሱን ከሚቀጥለው ዘፈን ጋር እስኪስማማ በጆሮ አንቀሳቅሳለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሲስማማ ዘፋኙ ወደ ራሱ ድምፅ የተመለሰ ይመስለኛል።

በቅኝት በኩል ኮምፒውተሩን አልተማመንበትም፤ ሁሉን ነገር ሜጀር ወይም ማይነር ብሎ ስለሚጽፍ አምባሰልን አያውቀውም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ከዶ የሚነሳ ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው)፤ ከሶል የሚነሳ አምባሰል ደግሞ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ነው። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፣ የተለየው ማረፊያው ብቻ ነው። ስለዚህ ከሸክላ ዘመን ትዝታ ወደ ዛሬ አምባሰል ስሻገር ለረጅም ጊዜ አብረው ቢቆዩም አይጋጩም፤ ሰሚው የሚሰማው ዘፈኑ ማረፊያውን መለወጡን ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ዘፈኖቼን በኮምፒውተሩ ምልክት ሳይሆን በቅኝታቸውና በሚነሱበት ድምፅ በደብተር መዝግቤአለሁ።

አንቺሆዬን ግን ከምንም ጋር አላያይዘውም። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ድምፆቹ ጠበብ ሰፋ እያሉ ስለሚሄዱ የትኛውም ሌላ ቅኝት ቢነካው ሁለቱም የተበላሹ ይመስላሉ። በአንቺሆዬ የተዘፈነ ሸክላ ሳስገባ እስከ መጨረሻው ድረስ ብቻውን እተወዋለሁ። ሲያልቅ መርፌው ባዶው ቦታ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ከዚያ ቀጣዩን ከዜሮ አስነሳለሁ።