የፋሲል ልጆች ለንደን ሊሄዱ ነው

ልጆቼ ያደጉት የፋሲልን ግንብ አጥር እየታከኩ ነው። አሁን ደግሞ ለንደን አክስታቸው ጋ ስንሄድ የሃሪ ፖተር ፊልሞች የተቀረጹበትን ስቱዲዮ ካላየን ብለዋል። እዚያ የሚጠብቃቸው የግንብ ሞዴል መሆኑን ስነግራት እናቴ፣ «እውነተኛው ደጃችሁ ላይ እያለ?» ብላ ሳቀች። ሐቅ አላት።

ትልቁ ጣጣ ትኬቱ ነው። በር ላይ አይሸጥም፤ ቀንና ሰዓት መርጦ አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ግድ ነው። እህቴን «ቪዛው ሳይወጣ እንዳትቆርጪ» ብያታለሁ። መንገዱ ቀላል ነው፦ ከዩስተን ጣቢያ ዋትፎርድ ጃንክሽን በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ።

ጉብኝቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደግነቱ መሀል ላይ ካፌ አለ፤ እማዬ ጉልበቷን ታሳርፋለች። እሷም ትእዛዝ አላት፦ ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን። ስለዚህ ቅዳሜን እያየን ነው።